ፉአቲኖ ለራሷ የሰጠችው ሦስት ነጥብ

ስለ ፉአቲኖ የተጠየቀ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚናገረው «ሠራተኛ ናት» የሚለውን ነው። ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። በእኛ ዘንድ ሠራተኛ ማለት ሌላው ሲቀመጥ የምትቆም፣ ሌላው ሲበላ የምታነሳሳ፣ ምስጋና ሲከፋፈል ደግሞ ማጀት ውስጥ ያለች ሴት ማለት ነው።

የደሴታችን ዋና ከተማ በሆነችው አፒያ ዳር ባለው የኮኮናት ወተት ፋብሪካ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ የፈረቃ አለቃ ናት። ማሽን ሲበላሽ ድምፁን ሰምታ የቱ ጋ እንደታመመ ትናገራለች። ከሥሯ አርባ ሴቶች አሉ፤ አንድም ቀን ጮኻባቸው አታውቅም። ቆሻሻ ሥራ ሲመጣ ቀድማ ጎንበስ ትላለች፣ እነሱም አፍረው ይከተሏታል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ሊወጣ ስለነበር የፋብሪካው ባለቤት ጠርቶ እንዲህ አላት፦ «ቦታው ያንቺ ነው። ዲግሪሽን ብቻ አምጪልኝ። የገና በዓል ሳይደርስ ካላመጣሽ ግን ከኦክላንድ ሰው አስመጣለሁ።»

የንግድ ሥራ ዲግሪዋን ከፋብሪካ እየወጣች ስድስት ዓመት ተምራዋለች። የቀራት አንድ ትምህርት ብቻ ነበር፤ እሱም «ሥራ አመራርና መሪነት» ነው። ይህንኑ ትምህርት ባለፈው ዓመት ወድቃለች። የወደቀችው ሳታውቀው ቀርታ እንዳይመስላችሁ። የፈተናው ዕለት የአክስቷ ቀብር ነበርና ለለቀስተኛ የሚቀርብ ጎደሬ ስትልጥ ውላ ነው። ዘንድሮ ከደገመች የሥራ አስኪያጅነቱ ነገር አበቃለት፣ አለቀ።

እኔ ፔፔ ነኝ። ቆርቆሮና ምስማር የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ የምይዝ ሴት ነኝ፤ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል፣ ጎን ለጎን ነው የተማርነው። ይህን ስናገር ራሴን ንጹሕ ላደርግ አልፈልግም። እኔም እጄ አለበት።

አስተማሪያችን ዶክተር ኩሱም ከፊጂ የመጣች፣ ፈጣንና ቁም ነገረኛ ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «መሪ በሥራው ነው የሚታወቀው፣ በወንበሩ አይደለም» አለችን። ሁላችንም ደብተራችን ላይ ጻፍነው። ከዚያ ሦስት ሦስት ሆነን ቡድን እንድንመሠርትና መሪ እንድንመርጥ አዘዘች። እኔና ፉአቲኖ አንድ ላይ ሆንን። ሦስተኛው ማን ሆነ? የፉአቲኖ የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ ታኡሊአ።

ታኡሊአ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። ከግብርና መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባው ኦክላንድ ያሉት ልጆቹ የምረቃ ካባና ቆብ ለብሶ የሚነሳውን ፎቶ ሳሎናቸው ሊሰቅሉ ስለፈለጉ ነው። ይህ ባልከፋ። ነገሩ ታኡሊአ የመንደራቸው አፈ ቀላጤ መሆኑ ላይ ነው። ትልቁ ሹም ስለ ራሱ ክብር አፍ አውጥቶ አይናገርም፣ አያምርበትምም፤ የሚናገርለት ታኡሊአ ነው። በትሩን ተክሎ፣ ጭራውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲነሳ ሕፃናት እንኳ ማልቀስ ያቆማሉ። እሱ በተቀመጠበት ፉአቲኖ ስታልፍ ወገቧን ሰብራ ነው። እንግዲህ ይህች ሴት «መሪው እኔ ልሁን» ልትል ነው? በየትኛው አንደበቷ?

ምርጫው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ነኝ ስሙን የጠራሁት። ፉአቲኖ «ይገባቸዋል» አለች። ታኡሊአም ምርጫውን ተቀብሎ ሃያ ደቂቃ የምስጋና ንግግር አደረገልን፤ የሰማነው ሁለታችን ብቻ ነን።

የቡድን ሥራችን በገበያው አጠገብ ያለውን የአውቶቡስ ባለንብረቶች ማኅበር ማጥናት ነበር፤ ተራ እንዴት እንደሚደለድሉ፣ ሲጣሉ ማን እንደሚዳኛቸው፣ ማን እንደሚያዝ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሾፌሮቹ ሊያናግሩን አልፈለጉም። አንዱማ «ከቀረጥ መሥሪያ ቤት የተላካችሁ ናችሁ» ብሎ ሊያባርረን ደረሰ። ታኡሊአ መጣ፣ ቆመ፣ ሩብ ሰዓት ተናገረ። ሾፌሮቹ ወንበር አመጡልን። ይህን አልክደውም፤ ያን ቀን አፉ ሥራ ሠርቷል።

ከዚያ ወዲያ ግን አውቶቡስ ተራው ላይ ዓይኑን ያየው የለም። ቀጣዮቹን አምስት ቅዳሜዎች ፉአቲኖ አቧራና ጭስ ስትውጥ ዋለች፤ እኔ ሱቅ ካልያዘኝ ግማሽ ቀን አግዛታለሁ። ሠላሳ አንድ ሾፌር አነጋገረች። የጻፈችው እሷ፣ ሠንጠረዡን የሠራችው እሷ፣ ያረመችው እሷ። ለስብሰባ ስንገናኝ ታኡሊአ በንግግር ይከፍታል፣ በጸሎት ይዘጋል፤ በመሃል እሷ ገዝታ የምታመጣውን ሥጋ የተሞላ ትኩስ ዳቦ ይበላል። ሁልጊዜ ስድስት ነው የምትገዛው፤ አራቱ የእሱ ነው።

«መልካም እየሄደ ነው» ይላል አፉን እየጠረገ። «መሪ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።»

ፉአቲኖ ያን ጊዜ ሳህኑን ታነሳለች። እኔ ጥርሴን አፋጫለሁ።

ሥራውን ባስረከብን ቀን ዶክተር ኩሱም አንድ ወረቀት አደለችን። እያንዳንዱ ሰው ለሁለቱ የቡድን ጓደኞቹና ለራሱ ከአሥር ነጥብ ይሰጣል። በምስጢር ነው። ከቡድኑ ውጤት የእያንዳንዳችን ድርሻ የሚወሰነው በዚያ ነጥብ ነው። ማሳሰቢያውን ሁለት ጊዜ ነው የተናገረችው፦ «እውነቱን ጻፉ። ማንም አያየውም።»

እኔ ለታኡሊአ አሥር ጻፍኩ። አትዩኝ እንደዚያ! ሰውዬው አጠገቤ ተቀምጧል፤ በትሩ ጉልበቴን ይነካኛል። ለፉአቲኖ ሰባት ሰጠኋት፤ ከአጎቷ እኩል ማድረግ ነውር መስሎኝ ነው። ለራሴም ሰባት። ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁ።

ውጤቱ ሐሙስ ተለጠፈ። ታኡሊአ ሰባ አንድ አምጥቷል፤ የመሪነት ጭማሪም አለበት። እኔ ሃምሳ ስምንት። ፉአቲኖ አርባ ስድስት። ማለፊያው ሃምሳ ነው።

ሰሌዳው ፊት ቆማ ጣቷን ስሟ ላይ አድርጋ እስከ ቁጥሩ ድረስ ሦስት ጊዜ ሄደችበት። ከዚያ «መስመሩን ተሳስቼ ይሆን?» አለችኝ። አልተሳሳተችም ነበር። እጇን ይዤ ዶክተር ኩሱም ቢሮ አስገባኋት።

«ዶክተር፣ ስህተት ያለ ይመስለኛል» አለች ፉአቲኖ፣ ወለሉን እያየች።

«ምን ዓይነት ስህተት?» ዶክተሯ ወረቀቶቹን አገላበጠች። «አንቺ ለራስሽ የሰጠሽው ሦስት ነው። ሥራውን አልሠራሽም ነበር?»

«ሠርቻለሁ።»

«ታዲያ ሦስት ለምን?»

ፉአቲኖ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠመዘዘች።

«እሺ፣ ከሦስታችሁ በርትቶ የሠራው ማን ነው?»

እግሯን በእግሬ ረገጥኳት። ተናገሪ፣ አንቺ ሴት! እሷ ግን ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «ተባብረን ነው» አለች።

ዶክተር ኩሱም መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «ዝምታን ነጥብ ልሰጠው አልችልም፣ ፉአቲኖ። ውጤቱ የሚጸድቀው በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ነው። ከዚያ በፊት ሦስታችሁም አንድ ላይ መጥታችሁ እዚሁ ፊቴ እንደገና ከሞላችሁ እቀበላለሁ። ሦስታችሁም ግን።»

ግቢው ውስጥ እንደወጣን ፈነዳሁ። «ሦስት! ሦስት ምን ማለት ነው? እንደኔ ሰባት እንኳ አትዪም?»

«አንቺ ለራስሽ ሰባት ሰጠሽ?» አለችኝ ዓይኗን አፍጥጣ። «ትንሽ አላፈርሽም?»

«የምታፍሪው አንቺ ነሽ! ወደቅሽ እኮ!»

«እኔማ…» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሰው ቤት ስትገቢ ከበሩ ሥር ነው የምትቀመጪው። ባለቤቱ ነው ‹ኧረ ወደ ላይ› የሚልሽ። እኔ ዝቅ ስል እናንተ ከፍ ታደርጉኛላችሁ ብዬ ነው።» ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንቺ ስንት ሰጠሽኝ፣ ፔፔ?» አለች።

«ሰባት።»

«ለአጎቴስ?»

«አሥር።»

«እኔም አሥር» አለችና ሄደች። ያን ዕለት ከእኔ ጋር አውቶቡስ አልጠበቀችም። እኔም እንድትጠብቀኝ አልፈለግሁም፤ የማያት በምን ዓይኔ ነው?

እሁድ መንደራቸው ሄድኩ። ለአጎቷ እንድትነግር ልለምናት ነው የሄድኩት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግድግዳ በሌለው ትልቁ ቤት ሽማግሌዎቹ ምሰሶ ምሰሶአቸውን ተደግፈው ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። በጋለ ድንጋይ የበሰለው፣ ከዛፍ የሚለቀመው የዳቦ ፍሬ፣ አሳማውና ዓሣው ቀርቧል። ፉአቲኖ እንደ ልማዷ ከዳር ሆና በማራገቢያ ዝንብ ታባርራለች። «ለምኜሻለሁ» አልኳት በሹክሹክታ። «አልችልም» አለችኝ። «የወንድሙ ልጅ ሆኜ ‹አልሠራህም› ልበለው? በአባቴ ቤት?»

ምሳው ሊያልቅ ሲል ታኡሊአ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁላችንም የምናውቀው ድምፅ ነው፤ ዝም ብሎ ጉንጭ የሚያለፋበት ሳይሆን ቃሉ የሚቆጠርበት።

«ሰባ አንድ አምጥቻለሁ» አለ። እልል ተባለ። እጁን አነሳ። «እልልታው የእኔ አይደለም። ይህችን ልጅ ታያላችሁ? የአውቶቡስ ተራውን አቧራ የዋጠችው እሷ ናት። እኔ የዋጥኩት ዳቦ ነው።» ሳቅ ሆነ። እሱ አልሳቀም። «ሠላሳ አንድ ሾፌር በስም በስሙ ታውቃለች። ብዕሩን የያዘችው፣ መንገዱን የመራችው እሷ ናት። እኔ ከኋላዋ ሄድኩ። ይህን በመላው ቤተሰብ ፊት እናገራለሁ፤ የሰማ ይስማ።»

እናቷ አለቀሰች። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ለአፍታ ሆዴ ባባ። ያኔ ነው ፉአቲኖ ማራገቢያዋን ጥላ የተነሳችው። ጎንበስ አላለችም፤ ቀጥ ብላ ነው የቆመችው።

«ይህን ካወቁ ወረቀቱ ላይ ለምን አልጻፉትም?»

ዓሣ ሲቆርስ የነበረ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ። እናቷ «ውይ፣ ልጄ!» ብላ አፏን ያዘች።

«የቱን ወረቀት?» አለ ታኡሊአ።

«ነጥብ የሰጡበትን። ስንት ሰጡኝ?»

«ለሁላችንም አምስት ጻፍኩ። ለእኔም አምስት።» እውነተኛ ግራ መጋባት ፊቱ ላይ ነበር። «ምን ልበል ኖሯል? ሴትየዋ እኮ ‹ማንም አያየውም› አለች። ማንም በማያይበት፣ ማንም በማይሰማበት ስለ ሰው የሚጽፍ ሐሜተኛ ነው። እኔ ሐሜተኛ ነኝ? የምለው ካለኝ በሰው ፊት እላለሁ። ይኸው አልኩ!»

«እኔ ግን ወድቄያለሁ!» ጮኸች። ፉአቲኖ ጮኸች፤ አሥራ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ያልተሰማ ድምፅ ነው። «አርባ ስድስት ነው ያመጣሁት! ቦታው ለኦክላንድ ሰው ሊሰጥ ነው! እርስዎ እዚህ ቢያሞግሱኝ ምን ይፈይድልኛል?»

ወደ ማጀቱ ሮጠች። ስደርስ የተላጠ ጎደሬ እንደገና እየላጠች ነበር፤ የቀረ ልጣጭ እንኳ የለበትም። «አዋረድኩት፣ አባቴን በመቃብሩ አዋረድኩት» ትላለች፤ ደግሞ መለስ ብላ፣ «አጎቴን ይበለው!» ትላለች። ሁለቱንም ከልቧ ነው።

እዚያው አደርኩ። ሰኞ ጠዋት እኔና እሷ አውቶቡስ ልንጠብቅ ስንወጣ ታኡሊአ ቀድሞን ቆሟል። አዲሱን ሽርጡን ታጥቋል። በትሩን ይዟል፤ ጭራው ትከሻው ላይ ነው። ሰላምታም አልሰጠን።

«ያቺ ይህን መስማት ያለባት አስተማሪ የት ናት ያለችው?» አለ።

ዶክተር ኩሱም በሩን ስትከፍት በትርና ጭራ የያዘ ሰው አይታ ወደ ኋላ አለች። እሱ ወንበር አልፈለገም። ቆሞ ጀመረ። መጀመሪያ ለአባቶቿ ሰላምታ አቀረበ፤ ከዚያ ለፊጂ፤ ከዚያ በአገሯና በአገራችን መካከል ላለው ባሕር። ዶክተሯ ሰዓቷን ሁለት ጊዜ አየች። ወደ ጉዳዩ የገባው ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ከሄደ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን አንድም አላስቀረም፤ ቅዳሜዎቹን፣ ሾፌሮቹን፣ ሠንጠረዡን፣ ዳቦውን ሁሉ ተናገረ። ስድስቱን ዳቦ ሳይቀር ቆጠረው።

«ገብቶኛል፣ አቶ ታኡሊአ» አለች ዶክተር ኩሱም በመጨረሻ፤ ፊቷ ለስለስ ብሎ ነበር። «ግን ውጤት ለሚያጸድቀው ጉባኤ የማቀርበው ወረቀት ነው። እባካችሁ ሙሉት።»

ሦስት አዲስ ፎርም ሰጠችን። እኔ ለፉአቲኖ አሥር ጻፍኩ፤ ለታኡሊአ ሦስት። ታኡሊአ ብዕሩን ይዞ፣ «ለወንድሜ ልጅ ዘጠኝ!» ብሎ ጮክ ብሎ እየተናገረ ጻፈ። «ለፔፔ ስድስት! ለእኔ ሁለት!» ምስጢር የሚባል ነገር አላወቀም።

ፉአቲኖ ወረቀቷን ሸፍና ብዙ ቆየች። ዶክተር ኩሱም ተቀብላ አየችው፤ ካልኩሌተሯን ነካካች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

«ስንት አለች?» አለ ታኡሊአ።

ዶክተሯ ወረቀቱን ገለበጠችው። ፉአቲኖ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቋል። «አራት» አለች ለራሷ።

አራት! ከሦስት ወደ አራት! በዚያች ሰዓት አንቄ ብገድላት ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ራሱን ለማዳን ከዚያ በላይ አንድ ነጥብ መጨመር ያቅተዋል?

«አይበቃም?» ብሎ ጠየቀ ታኡሊአ።

«ለጥቂት አይበቃም» አለች ዶክተር ኩሱም። «ከሁሉ በላይ የሚመዝነው ሰው ለራሱ የሰጠው ነጥብ ነው። ይህ ደግሞ የራሷ ነው። እኔ ልነካው አልችልም።»

ታኡሊአ በትሩን ወለሉ ላይ መታ። «ሰርዢው። ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ።»

«አጎቴ፣ እንዴት ራሴን…»

«ማን ጠየቀሽ? ትልቁን ሹም ‹ክብርህ ስንት ነው› ብዬ ጠይቄው አውቃለሁ? ስለ ሰው ክብር መናገር የእኔ ሥራ ነው። ያዘዝኩሽን ጻፊ!»

ሰረዘችው። ዘጠኝ ጻፈች። ብዕሩን ስትጫነው ወረቀቱ ተቀደደ፤ እንባዋ ከንዴት ነው፣ ሌላ ነገር አልነበረበትም። ዶክተር ኩሱም ተቃውሞ ልታሰማ አፏን ከፈተች፣ ሁለቱን አየች፣ ዘጋችው። ከዚያ ቁጥሩን ደመረች።

«ፉአቲኖ አልፈሻል። አቶ ታኡሊአ፣ እርስዎ በዚህ ወድቀዋል፤ ትምህርቱን መድገም አለብዎት።»

«ፎቶው ይቆያል» አለ ታኡሊአ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ስለነበር እንደ አገራችን ልማድ እኔ ፉአቲኖ ጭን ላይ ነው የተቀመጥኩት። ታኡሊአ ከፊታችን ባለው ወንበር በትሩን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ተቀምጧል። ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ትንፋሿ ጀርባዬ ላይ ሲግል ይሰማኛል።

«ፔፔ።»

«ወዬ።»

«የመሪነት ትምህርት ያለፍኩት ታዝዤ ነው።»

እውነቷን ነው፤ እኔም ከቢሮው ስንወጣ ጀምሮ የከነከነኝ ይኸው ነበር።

ታኡሊአ ጀርባውን እንደሰጠን፣ «የወንድሜ ልጅ» አለ።

«አቤት፣ አጎቴ።»

«በሚመጣው ዓመት ስደግመው ማን ያስጠናኛል?»

ምን እንደምትል አውቄያለሁና ዓይኔን ጨፈንኩ። «እኔ ነኛ» አለች። በመስኮት ልዘል ምንም አልቀረኝ። ግን ደረቷ ከኋላዬ ተነፋ፣ ቀጠለች፦

«ዳቦውን ግን እርስዎ ነዎት የሚገዙት።»

ታኡሊአ ቀስ ብሎ ዞረ። አጠገቡ ያለችው ሴትዮ ሳትቀር ዞረች። እሱ ፉአቲኖን ትክ ብሎ አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም።

«ስንት ልግዛ?» አላት።